ኢየሩሳሌም ስትተርፍ ለኪሶ ምን ሆነች?

ዝምተኛው አንባቢ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ከሚያነቡት እንጂ ከሚጽፉት ወገን አይደለሁም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

የምኖረው ለንደን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ መናፈሻ አላስኬድ ሲለን ልጄን ይዤ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባሁ። ሐሳቤ የግብፅን ሬሳ ላሳየው ነበር። መንገድ ስተን አንድ ሌላ ክፍል ውስጥ ተገኘን። ግድግዳው በሙሉ የተቀረጸ ድንጋይ ነው። ግንብ ያላት ከተማ አለች። ከታች ወደ ላይ ወታደር ይግተለተላል፤ ከላይ ወደ ታች ችቦና ድንጋይ ይወርዳል። በአንደኛው በር ደግሞ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል። ልጄ ማብራሪያውን አነበበና «ላኪሽ ይላል» አለኝ። ላኪሽ... ላኪሽ... ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የበራልኝ። ለካ የኛዋ ለኪሶ ናት!

መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ፣ 2ኛ ነገሥት 18። የይሁዳው ንጉሥ ሕዝቅያስ «በድያለሁ» ብሎ ለአሦር ንጉሥ መልእክት ላከ። ወዴት? ወደ ለኪሶ። ከዚያ የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም ሹሙን ራፋስቂስን ወደ ኢየሩሳሌም ላከው። ከየት? ከለኪሶ። አለቀ። ከተማዋ ራሷ ምን እንደ ደረሰባት አንድ ቃል የለም።

ሰናክሬም በቤተ መንግሥቱ ሙሉ ክፍል የሰጣትን ከተማ መጽሐፉ ለምን እንደ ፖስታ አድራሻ ብቻ ይጠራታል? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሰንበት ተማሪ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡41

ርእሱን ሳላይ «ቅጥር ያላት ከተማ» ብትለኝ ኢያሪኮ ብዬ ነበር የምመልሰው። ሰባት ቀን ዞረው፣ ቀንደ መለከት ነፍተው፣ ቅጥሩ ወደቀ። ያንን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ዘምረንለታል። ለኪሶን እውነቱን ልናገር? የሰው ስም መስሎኝ ነበር። 😅

የጓሮ ገል | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡02

ሰንበት ተማሪ፣ አትፈር። እኔ 30 ዓመት ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ለኪሶን በደንብ ያወቅኋት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቦታዋን ያዙልኝ። ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከባሕሩ ጠረፍ ሜዳ ወደ ኬብሮን ተራሮች ስትወጣ መሐል ላይ ዝቅ ያለ የኮረብታ አገር አለ፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ቆላ» የሚለው እሱን ነው። ከግብፅም ሆነ ከጠረፉ ተነስቶ ወደ ይሁዳ ደጋ መውጣት የፈለገ ጦር ይህን አገር ማለፍ አለበት። ኢየሩሳሌምን ቤት ብትሏት ለኪሶ የግቢው በር ናት። በሩን ሳይሰብር ማን ቤት ይገባል?

ስለዚህ ከጥንትም ትልቅ ነበረች። በኢያሱ 10 ላይ ገባዖንን ሊወጉ ከተባበሩት አምስት ነገሥታት አንዱ የለኪሶው ያፊዓ ነው። ሮብዓም መንግሥቱ ለሁለት ሲከፈልበት ካጠናከራቸው ከተሞች መካከል ስሟ አለ (2ኛ ዜና 11)። ንጉሥ አሜስያስ ደግሞ ኢየሩሳሌም ላይ ሲያድሙበት የሸሸው ወደ እሷ ነው፤ ተከትለው እዚያው ገደሉት እንጂ። ንጉሥ ነፍሴን ታተርፍልኛለች ብሎ የሚሮጥባት ከተማ እንግዲህ ተራ ከተማ አይደለችም።

አሁን ሰናክሬም ወደ መጣበት ዓመት፣ ወደ 701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንምጣ። ዋናው ቅጥር በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የጡብ ግንብ ነው፤ ውፍረቱ ከ6 ሜትር በላይ። ከዚያ በታች ቁልቁለቱን የሚደግፍ ሌላ የውጭ ግንብ አለ። ውስጥ 44 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አላቸው። ማለት ውኃ አያሳስባቸውም። ዙሪያው ገደል ገደል ነው፣ በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን በኩል ብቻ ኮረብታው ከጎረቤቱ ጋር ትንሽ ይያያዛል።

አሦራውያን የመጡት በዚያች በኩል ነው። ድንጋይ ከመሩ። ቀላል ክምር አይምሰላችሁ፤ ቅጥር የሚደረምሰው ጋሪ ተንከባሎ የግንቡ ቁመት እስኪደርስ ድረስ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ጋርፊንከል የተባለው የኢየሩሳሌም ዩኒቨርሲቲ ሊቅና ባልደረቦቹ አስልተውት ነበር። በእነሱ ግምት 3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ፣ እያንዳንዱ 6.5 ኪሎ ገደማ፣ ሥራው ደግሞ ወደ 25 ቀን። ድንጋዩን ማን ተሸከመ ብትሉኝ፣ ምርኮኛ ሳይኖርበት አይቀርም ባይ ነኝ።

ከውስጥ ያሉትም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ክምሩ ከፍ ሲል እነሱም ከቅጥሩ ጀርባ ሌላ ክምር ከመሩ፣ ግንቡ ቢፈርስ ሁለተኛ መከላከያ እንዲሆናቸው። ዴቪድ ኡሲሽኪን ከ1973 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ሲቆፍር ሁለቱንም ክምር አገኘ። በመቶዎች የሚቆጠር የፍላጻ ጫፍ እዚያው ቅጥሩ ሥር ተለቅሟል። ከእሱ በፊት የቆፈረው እንግሊዛዊው ስታርኪ ደግሞ ከከተማዋ ውጭ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ 1,500 ያህል ሰው አፅም ተከምሮ አግኝቷል።

የጥያቄህ መልስ ይኸው ይመስለኛል። መጽሐፉን የጻፉት ከተረፈችው ከተማ ወገን የሆኑ ሰዎች ናቸው። ግድግዳውን ያስቀረጸው ደግሞ ኢየሩሳሌምን መያዝ ያልቻለው ንጉሥ ነው። እሱ የሚያሳየው ለኪሶን ብቻ ነበረው።

ፊደል ቆጣሪ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክ። አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ሰናክሬም ዘመቻውን በሸክላ ላይ አስጽፏል። 46 የሕዝቅያስን የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ፣ 200,150 ሰው አወጣሁ፣ ሕዝቅያስን በከተማው ውስጥ እንደ ወፍ በቀፎ ዘጋሁበት ይላል። ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ለኪሶ በስሟ የለችም! ከ46ቱ አንዷ ሆና ተቆጥራ ቀርታለች። ስሟ የተጻፈው በሥዕሉ ላይ ብቻ ነው፤ ንጉሡ ዙፋን ላይ ተቀምጦ የለኪሶ ምርኮ በፊቱ ሲያልፍ ከሚያሳየው ቅርጽ አጠገብ።

«ዘጋሁበት» ነው ያለው ልብ በሉ። «ያዝኩት» አላለም። ይህ ንጉሥ ደግሞ የያዘውን የሚደብቅ ሰው አይደለም።

ሌላው፣ የስሜ ነገር ሆኖ ፊደል አያስችለኝም። ለኪሶ ውስጥ ከ400 በላይ ማኅተም የተመታባቸው የእንስራ ጆሮዎች ተገኝተዋል። ማኅተሙ «ለ-መ-ለ-ከ» ይላል፣ «ለንጉሥ» ማለት ነው። ያቺ «ለ» የኛዋ «ለ» ናት። «መለከ»ንም ከግዕዝ እናውቃታለን፤ አምላክ፣ መለኮት የምንለው ከእሷ ነው። ለከበባው ዘይትና ወይን ሲያጠራቅሙ የነበሩበት እንስራ ነው ይባላል።

ቀይ ዳማ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

በቃ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነዋ። ከዚህ በላይ ምን ክርክር ያስፈልጋል?

ፊደል ቆጣሪ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡44

ቀይ ዳማ፣ አትቸኩል። የሚገጥመው ብዙ ነው። ሰናክሬም መጣ፣ የተመሸጉትን የይሁዳ ከተሞች ያዘ፣ ሕዝቅያስ ግብር ከፈለ፣ ኢየሩሳሌም አልተያዘችም። በዚህ ሁለቱም ይስማማሉ። ወርቁ እንኳን አንድ ነው፣ 30 መክሊት። ብሩ ላይ ግን መጽሐፉ 300 ሲል ሰናክሬም 800 ይላል። ተቀባይ ሁልጊዜ ያበዛል እንዳንል እኛ አገር የሚያበዛው ከፋዩ ነው 😂

ለምን ተመለሰ የሚለው ላይ ደግሞ ጨርሶ አይገናኙም። መጽሐፉ የእግዚአብሔር መልአክ በአንድ ሌሊት 185,000 መታ ይላል። ሰናክሬም ስለ መመለሱ ትንፍሽ አይልም። ቁፋሮ ክምር ያሳይሃል፣ ፍላጻ ያሳይሃል። መልአክ ግን ተቆፍሮ አይወጣም፤ እሱ የእምነት ነው።

ደግሞ የተገኘ ሁሉ እውነት አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ ስም ያለበት ገል ለኪሶ ላይ ተገኘ ተብሎ በዓለም ተወራ። ሁለት ቀን ሳይቆይ ጉዳዩ ተገለጠ። ለካስ አንዲት ተመራማሪ ለተማሪዎቿ የጥንቱን አጻጻፍ ስታሳይ ቦታው ላይ ካነሳችው ገል ላይ ጽፋ እዚያው ትታው ሄዳ ነው።

ቀይ ዳማ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡05

እሺ ተሸነፍኩ። ግን የኢትዮጵያውን ንጉሥ ቲርሐቅን ለምን ማንም አላነሳም? 2ኛ ነገሥት 19፡9። ራፋስቂስ ሲመለስ ሰናክሬም ለኪሶን ትቶ ልብና የምትባል ከተማ ሲወጋ አገኘው። ወዲያው የኢትዮጵያ ንጉሥ ሊወጋህ መጣ የሚል ወሬ ደረሰው። እንግዲህ ኢየሩሳሌምን ያተረፍናት እኛ ነን ብል ማን ይከለክለኛል?

የጓሮ ገል | ዓርብ፣ ከረፋዱ 4፡50

ልጄ፣ እኔ እከለክልሃለሁ።

በዕብራይስጡ የኩሽ ንጉሥ ነው የሚለው። የግሪኩ ትርጉም ኢትዮጵያ አለው፣ የኛም ያንን ተከተለ። የቲርሐቅ ቤተ ዘመድ ከናፓታ፣ ከዛሬዋ ሰሜን ሱዳን፣ ተነስቶ ግብፅን የገዛው 25ኛው ሥርወ መንግሥት ነው። ጎረቤታችን ናቸው፣ በዓባይ እንዛመዳለን። የጎረቤትን ጀግና ግን ቀምቶ የኔ ማለት ደስ አይልም።

አንዳንዶች ደግሞ ቲርሐቅ የነገሠው በ690 ነው፣ በ701 ንጉሥ አልነበረም፣ መጽሐፉ ተሳስቷል ይላሉ። ይሄ አያስኬድም። እኛስ «ጃንሆይ የተወለዱት ኤጀርሳ ጎሮ ነው» እንል የለ? ሲወለዱ ጃንሆይ ነበሩ እንዴ? ሰው የሚጠራው በታወቀበት ማዕርግ ነው። ጦሩን እየመራ የመጣ ልዑል ቢሆን ምን ይገርማል?

ሰናክሬምም ቢሆን የግብፅና የኩሽ ሠራዊት ሊወጋው መጥቶ ኤልተቄ ላይ ገጠመኝ ይላል። አሸነፍኩ ብሏል። እሱ ተሸነፍኩ ብሎ የጻፈበትን ጊዜ አላውቅም።

የኪርያት ጋቷ | ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡10

ሻባት ሳይገባ ቶሎ ልጻፍ። እኔ እኮ ከለኪሶ በመኪና ሩብ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ነው የምኖረው! እዚህ እስራኤል፣ ኪርያት ጋት ውስጥ ከኛ ሰው ብዙ አለ፣ ግን ቴል ላኪሽን (የለኪሶን ጉብታ) ያየው ጥቂት ነው። ለወይን ለቀማ እዚያ አካባቢ ስንት ዓመት የሠራ ሰው አውቃለሁ፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ አያውቅም። (በነገራችን ላይ ከተማችን ጋት የተባለችው በስሕተት ነው። አጠገቧ ያለውን ጉብታ የጎልያድ አገር ጌት መስሏቸው ነበር። ስሙ ግን ቀረ።)

እኔ የሄድኩት ልጄ ከክፍሏ ጋር ቲዩል (የትምህርት ቤት ጉብኝት) ሲወጡ አጅቤ ነው። እናቴም ካልሄድኩ አለች። በሩ ጋ ስንደርስ አስጎብኚው የጥንቱን የከተማ በር አሳየን። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ክፍል አለው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዳኝነት የሚያዩበት መደብ ሁሉ አለ። እናቴ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ «የኛም ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ነበር፣ እነዚህ ጥላ ያለው በር ነበራቸው» አለች።

ከዚያ ነገሩ መጣ። ከአንዱ ክፍል ውስጥ የአምልኮ ቦታ ተገኝቷል፤ ቀንድ ያላቸው ሁለት መሠዊያዎች፣ ቀንዳቸው ግን ሆን ተብሎ ተመትቶ የተሰበረ። አጠገቡ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? መሐሉ የተበሳ የድንጋይ መቀመጫ። ሽንት ቤት! በ2016 እ.ኤ.አ. ነው ይፋ ያደረጉት። ቢመረምሩት ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም አሉ። ቦታውን ለማርከስ ብቻ ያስቀመጡት፣ ሕዝቅያስ የኮረብታ መስገጃዎችን ሲያፈርስ የሆነ ነው ይላሉ። ንጉሥ ኢዩም የበኣልን ቤት እንዲያ አድርጎ የለ። የሚከራከሩም አሉ፣ ሁሉም የቁፋሮ ሰው አልተቀበለውም። የተማሪዎቹን ሳቅ ግን አልነግራችሁም። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ጎበዝ ንጉሥ» አለች፣ አለቀ።

ሰንበት ተማሪ | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡33

እናትሽን ሰላም በይልኝ 😂 ስለ ለኪሶ ከዚህ በኋላ አልረሳም።

እኔም ፈልጌ አንድ አገኘሁ። እዚያው ከዝሆን ጥርስ የተሠራች፣ ከጣት የማትረዝም ማበጠሪያ ተገኝታለች። ላይዋ 17 ፊደል ተጽፎባታል። የተነበበችው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ምን ትላለች? «ይህ ጥርስ የጠጉርንና የጢምን ቅማል ይንቀል» የሚል ምኞት! 3,700 ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቷታል፣ በከነዓናውያን ፊደል ከተጻፉ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ቀዳሚዋ ናት እየተባለ ነው። ፊደል ቆጣሪ፣ ያ ፊደል የኛም የሩቅ አያት አይደል?

ፊደል ቆጣሪ | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡50

የሩቅ፣ በጣም የሩቅ፣ በደቡብ ዓረብ በኩል ዞሮ የመጣ አያት። ግን አዎ። ዘመዶቻችን ፊደል ሲይዙ ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ የቅማል ነገር መሆኑ ደስ ይለኛል።

የጓሮ ገል | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15

ከማበጠሪያዋ ወደ ገሎቹ ልውሰዳችሁ፤ የኔ ስም የወጣው ከነሱ ነው።

ለኪሶ ከሰናክሬም በኋላ ተመልሳ ተሠራች። መቶ ዓመት አልፎ የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር መጣ። ኤርምያስ 34፡7ን አንብቡ። ከተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ነበሩ ይላል። እንግዲህ በ1935 እ.ኤ.አ. ስታርኪ በበሩ ዘብ ቤት ውስጥ፣ አመድ መሐል፣ በቀለም የተጻፈባቸው 18 ገሎች አገኘ። ደብዳቤዎች ናቸው። ሆሻያሁ የሚባል የበታች ሹም ያኡሽ ለሚባል አለቃው የጻፋቸውም አሉባቸው። ያኔ የወረቀት ያለህ የለም፣ እንስራ ሲሰበር ገሉ ላይ ትጽፋለህ።

ከአንዱ ላይ ያለው ነገር ልቤን ይነካኛል። የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቅን ነው፣ ዓዜቃን ማየት አልቻልንም የሚል ነው። ዓዜቃ ወድቃ ይሁን ወይም ተራራ ጋርዷት፣ ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል። ጸሐፊው ግን ጨለማ ውስጥ ቆሞ እሳት ይፈልጋል። ኤርምያስ በአንድ ቁጥር ያለፈውን ነገር ይኼ ወታደር በዓይኑ እያየ ነው።

ስታርኪ ራሱ በ1938 እ.ኤ.አ. ጥር ወር ላይ ኢየሩሳሌም ወደ አዲሱ ሙዚየም ምረቃ ሲሄድ መንገድ ላይ ተገደለ።

ዝምተኛው አንባቢ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። አንድ ነገር አየሁ፣ ብሳሳት አርሙኝ።

ሕዝቅያስ ሲጸልይ በኢሳይያስ አፍ የመጣለትን መልስ ታውቁታላችሁ። 2ኛ ነገሥት 19፡32። የአሦር ንጉሥ ወደዚች ከተማ አይመጣም፣ ፍላጻ አይወረውርባትም፣ በጋሻ አይመጣባትም፣ የአፈር ድልድል አይደለድልባትም። ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ። ዝም ብሎ የቅኔ ድርድር ይመስለኝ ነበር።

ለካ ዝርዝሩ የለኪሶ ዝርዝር ነው! ፍላጻው ጋሼ ከቅጥሩ ሥር ተለቀመ ያሉት ነው። ጋሻው እኔ ሙዚየም ውስጥ ያየሁት ነው፣ ከቀስተኛው ፊት ሰው የሚያህል ጋሻ አቁመውለታል። ድልድሉ 3 ሚሊዮኑ ድንጋይ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያንን ቃል የሰማ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ላይ የሆነውን ወሬ ሰምቷል። «እዚያ ያደረገውን እዚህ አያደርግም» ነው የተባለው።

እና አሁን ሌላ ጥያቄ አመጣሁ። ለለኪሶ ሰዎችስ? ለእነሱ ነቢይ አልነበራቸውም?

የጓሮ ገል | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አልተሳሳትክም። 30 ዓመት አስተምሬ እንዲህ አድርጌ አላየሁትም።

ነቢይማ ነበራቸው። ሚክያስ። እሱ የሞሬሼት ሰው ነው፣ የዚያው የቆላው አገር ልጅ። ኢሳይያስ ከንጉሥ ጋር በከተማ ሲነጋገር ሚክያስ የሰፈሩን መንደሮች እየጠራ ያለቅሳል። ባዶ እግሬን እሄዳለሁ፣ እንደ ቀበሮ አለቅሳለሁ ይላል። ምዕራፍ 1ን ከቁጥር 8 ጀምራችሁ አንብቡ። የሚጠራቸው ስሞች የኛ ሰው ሲያነብ ምንም አይሉትም። በዕብራይስጡ ግን እያንዳንዱ ስም ላይ ሰምና ወርቅ አለ። ለኪሶ ጋ ሲደርስ ሰረገላሽን ለፈረስ እሰሪ ይላታል፤ «ላኪሽ» እና «ላሬኬሽ»፣ ማለት «ለፈጣኑ ፈረስ»፣ ይመታሉ። ወዲያው ደግሞ የጽዮን ኃጢአት ካንቺ ጀመረ ብሎ ይወቅሳታል። የሚያለቅስላትም የሚወቅሳትም እሱ ነው። የገዛ አገሩ ሰው ስለሆነ ይሆናል።

የኪርያት ጋቷ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሻባት ወጣ፣ አሁን አነበብኩት። ለእናቴ ድልድሉን በአማርኛ ነገርኳት። ያኔ ስንሄድ ከታች ሆና አይታው የመንገድ ሥራ አፈር መስሏት ነበር። አሁን ዓርብ ድጋሚ ውሰጂኝ ብላለች። የምትሄዱ ካላችሁ መኪና ማቆሚያው ከደረሳችሁ በኋላ ወዲያው ወደ በሩ አትውጡ። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራቡ ማዕዘን ዙሩና ከታች ሆናችሁ እዩት።

ዝምተኛው አንባቢ፣ እናቴ አንድ ጥያቄ ላከችልህ። ከበሩ የሚወጡት ሴቶች ምን ይዘዋል?

ዝምተኛው አንባቢ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡58

ያነሳሁትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት እህቴ። ረጅም ነጠላ መሳይ ነገር ከራሳቸው እስከ እግራቸው ወርዷል። ትከሻቸው ላይ ከረጢት አለ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ቀጥሎ በበሬ የሚጎተት ጋሪ አለ፤ ዕቃው ላይ ልጆች ተቀምጠዋል።

ሰናክሬም በሌላ ጠርዝ ዙፋኑ ላይ ነው። ፊቱ ግን የለም። ሰው ቆርቁሮ አጥፍቶታል።